የሊን የጾም ጂያውዚ

ረቡዕ፣ ግንቦት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ

ሎክዳውኑ ላላ ስላለ ዛሬ ለክሊፕታውኑ ሱቄ ዕቃ ላመጣ ቻይናዎቹ ሞል ሄድኩ። ብርድ ልብስ የምትሸጥልኝ ሊን የለችም። ኮሮና ይዟት ሆስፒታል ገብታ በዚያው ቀረች። ባሏ ነው በምልክትና በሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል የነገረኝ። የቀበራት ብቻውን ነው።

ቻይንኛ ያስተማረችኝ ብርድ ልብስ ስታስረክበኝ ነው። ሰላምታ፣ ዋጋ፣ የምግብ ስም። እሷ ደግሞ ከእኔ የያዘችው አንድ ቃል ነው። ረቡዕ ስመጣ «ጾም?» ትለኛለች። አዎ ካልኳት ጥቅል ጎመንና ቶፉ በስስ ሊጥ ጠቅልላ ጂያውዚ ትቀቅልልኛለች። ጎርሼ «ሃዎ ቺ»፣ ይጣፍጣል፣ ካላልኩ ሌላ ቃል አታስተምረኝም።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» እንዴት እንደሚባል አላስተማረችኝም። ባሏ አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ተነሳና ከፍሪዘር አንድ ፌስታል አወጣ። ሳትታመም ለዐቢይ ጾም የሠራችልኝ ጂያውዚ ነው።

«ጾም» አለኝ እየሰጠኝ። ለካ ቃሏን እሱም ያውቃታል።

ፋሲካ ካለፈ ቆየ። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕም አይጾምም። ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው? በሁለት እጄ ተቀብዬ «ሃዎ ቺ» አልኩት። ማስኩን ወደ ዓይኑ ሳበው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጥብስ ሠርታለች። አልነካሁትም። ሰኞ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ፣ ጂያውዚውን እስከዚያ ላቆየው ብዬ ፍሪዘር ከተትኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ አወጣሁትና ቀቅዬ በላሁት።

«ጾም?» የሚለኝ ሰው ሳይኖር ዛሬ ጾምኩ።