የጋሽ ኢድሪስ አቃፊ

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1987፣ አሰብ

ዛሬም ስድስት ጥቅል ወረቀት ተበላሸ። ስድስቱም ጎናቸው ተጨፍልቋል። መሀላቸው ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። እንዲህ የሆነ ወረቀት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገብቶ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ይዘላል፣ ይበጠሳል። ለተማሪ መጽሐፍ የመጣ ወረቀት እኮ ነው!

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተቀደደ ጆንያ፣ የተሰበረ ሳጥን፣ የረጠበ ሲሚንቶ መዝግቤያለሁ፤ እንደ ወረቀት ያስቸገረኝ የለም። አንዱ ጥቅል ቆሞ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ሰው አይገፋውም። ተራ ፎርክሊፍትም አይነካውም፣ ሹካው ይወጋዋል። ለዚህ ተብሎ በሹካ ፈንታ ሁለት ሰፋፊ ክንድ ያለው መጣልን። ጥቅሉን ግራና ቀኝ እቅፍ አድርጎ ያነሳዋል። ወዛደሩ ሁሉ «አቃፊው» ይለዋል። «በዚህ ወደብ የሚያቅፍ እሱ ብቻ ነው» ብዬ ለጽጌ የነገርኳት ቀን በሳቅ ልትሞት ነበር።

ጽጌ ጎረቤቴ፣ ከሄደች ሦስት ሳምንቷ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። በሯ ላይ ያለውን ጓጉንቸር ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ።

አቃፊውን የሚነዱት ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሲገቡ በጠረጴዛዬ በኩል ክላክስ ሁለቴ ያደርጋሉ። ጲ፣ ጲ። «ከመይ ሓዲርኪ» ማለታቸው ነው። እኔም እስክሪብቶዬን አነሳላቸዋለሁ። ባለቤቴ ከሞተ፣ ጽጌም ከሄደች ወዲህ፣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ያ ክላክስ ነው።

የጉዳት ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ምን ልጻፍ ብዬ የመጋዘን ኃላፊያችንን አቶ ተክሌን ጠየቅኩት። «የኦፕሬተር ጥንቃቄ ጉድለት ይበሉ፣ ሌላ ምን አለ?» አለኝ። ጻፍኩ። አይቼ አይደለም፣ አጣርቼ አይደለም። ጻፍኩ በቃ።

ደብተሬንም የሆነ ቅባት ነክቶታል። የት እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ክላክስ የለም።

እስክሪብቶዬን አንስቼ ጠበቅሁ። ቀጥ ብለው አለፉ። ምናልባት አላዩኝም አልኩ። እንደኔ ያለች ወፍራም ሴት እንዴት ሳትታይ ትቀራለች?

በአራት ሰዓት ወሬው ደረሰኝ። አቶ ተክሌ ጋሽ ኢድሪስን ከቅዳሜ ጀምሮ ከማሽኑ ሊያነሳቸው ነው። ወደ በር ጥበቃ ይዛወራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የያዘ ሰው ዱላ ይዞ በር ላይ ሊቆም! ማስረጃው ደግሞ የኔ ቅጽ።

ሄድኩ። ማሽኑ ላይ ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ ነበር።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሽ ኢድሪስ።»

«አውቄዋለሁ። ፊደልሽ ያምራል።»

ወደ ውሃቸው ተመለሱ። ምነው በሰደቡኝ። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፤ አፍ እንደሆነ አላጣሁም።

ቤት ገብቼ ለራዲዮኑ ነገርኩት። ራዲዮኑ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። አሰብ ይሞቃል አለ። አመሰግናለሁ፣ አላወቅሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

አራት ጥቅል። ዛሬ «ምክንያት» የሚለውን ባዶ ተውኩት። አቶ ተክሌ «ይሙሉት እንጂ» አለኝ። «ሳውቅ እሞላዋለሁ» አልኩት። ለራሴም ገረመኝ። ታናሼ ቢሆንም አለቃዬ ነው።

ከምሳ በኋላ ከተማው እንደተለመደው ተኛ። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፀጉሬን ቅባት ተቀባሁ፣ ጎነጎንኩ፣ ለማን እንደምጎነጎን እንጃ። ከዚያ ጽጌ ስትሄድ የሰጠችኝን ማርማላታ ልከፍት ተነሳሁ። ካልከፈትኩት አያልቅም፣ ካላለቀ ደግሞ አሁንም እዚሁ ያለች ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ ያልነካሁት ለዚያ ነው። ዛሬ ግን ጣፋጭ አማረኝ።

ብልቃጡ ከእጄ ሾለከ። አጥብቄ ያዝኩት፣ ሾለከ። ጨመቅሁት፣ ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ። እምቢ! እጄ ቅባት ነዋ። ቅባት የነካው እጅ ካልጨመቀ አይይዝም።

እንደቆምኩ ቀረሁ።

ደብተሬን አመጣሁ። ሰኞ የነካው እድፍ አለ። አሸተትኩት። የሞተር ዘይት ነው። ሰኞ ደብተሬን ያስቀመጥኩት የተጨፈለቀው ጥቅል ላይ ነበር። ወረቀት ላይ ዘይት ከየት መጣ?

ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ወደ ጽጌ በር ሮጬ ልነግራት ነበር እኮ። ደጃፌ ድረስ ወጥቻለሁ። ጓጉንቸሩን ሳይ ተመለስኩ። ብልቃጡንም ሳልከፍተው አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

ከሁሉም ሰው ቀድሜ ገባሁ። ጋሽ ኢድሪስ ግን ቀድመውኛል። በጨርቅና በጣሳ ዘይት የአቃፊውን ክንዶች ያሻሹ ነበር። ክንዶቹ ጥቅሉን የሚነኩበት ቦታ ጎማ ለብሷል። ያንን ጎማ ነው የሚቀቡት። በፍቅር፣ ሕፃን ልጅ እንደሚቀባ።

«በየቀኑ ነው የሚቀቡት?» አልኳቸው።

ዞር አላሉም። «ሙቀቱ ከጀመረ ወዲህ በየቀኑ። የአሰብ ፀሐይ ያልተቀባ ጎማ ይምራል? አንቺ ቅጽ ነው የምታውቂው።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ ጎማ በአንድ በጋ ይሰነጠቃል። የከባድ መኪና ሾፌሮቹም ጎማቸውን እንዲህ ሲያሹ አይቻለሁ። ግን የመኪና ጎማ ወረቀት አያቅፍም።

«ጥቅሉ ከክንዱ ሾልኮብዎት ያውቃል?»

እጃቸው ቆመ። «በዚህ ወር መጀመሪያ አንዱ ሾለከ። ለጥቂት እግሬን! ከዚያ ወዲህ ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ምን ላድርግ፣ ልጣለው?»

ስለ ብልቃጡ ነገርኳቸው። ስለ ቅባቱ፣ ስለ እድፉ፣ ሁሉንም፣ ሳልተነፍስ። ዘይቱ ያንሸራትታል፣ ሲያንሸራትት ያጠብቃሉ፣ ሲያጠብቁ ወረቀቱ ይጨፈለቃል።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው «ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼ ስለ ማሽኔ ከማርማላታ ልማር?» አሉ። ተቆጥተው ነው፣ የቀልድ አይደለም። ጥለውኝ ሄዱ።

ሦስት ጥቅል። ምክንያት፦ ባዶ።

አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ። ብጽፈው የቀባው ማን ነው ይባላል። ባልጽፈው ሰኞ የጻፍኩት እንዳለ ይቆማል። ሁለቱም እሳቸው ላይ ነው የሚወድቀው። የሚያማክረኝ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ? ለጽጌ ደብዳቤ ጀመርኩ። «ውድ ጽጌ፣ ማርማላታሽ ጉድ አፈላ» ብዬ አቆምኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ገና ስገባ አቶ ተክሌ ጋ ሄድኩና የሰኞውን ቅጽ አምጣው አልኩት። ማንነቴን ረስቼ «አምጣው» አልኩ፣ አንተ ብዬ! ሰጠኝ። «የኦፕሬተር ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ሰረዝኩ። «የማቀፊያው ጎማ ዘይት በመቀባቱ» ብዬ ጻፍኩና ጎኑ ላይ ፈረምኩ። ሰኞ የጻፍኩትን ሳላጣራ እንደጻፍኩም ነገርኩት።

«ማን ነው የቀባው?» አለ።

ይህን ነበር የፈራሁት። እኔ፣ አስካለ፣ ቃል አጣሁ!

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ጋሽ ኢድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው እስከ ክርን የሳሙና አረፋ ነው። «እኔ ቀባሁት፣ አሁን እኔው አጠብኩት። አሥር ጥቅል ስጠኝ። አንድ ከተጨፈለቀ ዱላውን ራሴ አንስቼ በር ላይ እቆማለሁ።»

አቶ ተክሌ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «አሥር» አለ።

እንዴት እንደነዱ! መጀመሪያ ወለሉን አስጠረጉ፣ ጠጠርና ምስማር እንዳይኖር። ተጠግተው ቆሙ። ክንዶቹን መሀል ላይ ቀስ ብለው ገጠሙ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው አዩ። አልሾለከም። መሬት ሳያስነኩ፣ ሳይጎትቱ ወሰዱት፤ ሲያስቀምጡም ወረቀቱ ወለሉ ላይ በደንብ ሳይቆም አልለቀቁም። እኔ በሜትር እየተከተልኩ የእያንዳንዱን ቀዳዳ በቁምም በአግድምም ለካሁ። አንድ፣ ክብ። ሁለት፣ ክብ። ሰባተኛው ላይ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ፣ ላብ። ክብ።

አሥሩም ክብ! ወዛደሩ አጨበጨበ። አንዱማ «ማሻ አላህ፣ እትዬ አስካለ መካኒክ ሆኑ!» አለ።

ጋሽ ኢድሪስ ከማሽኑ ወረዱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ለጁምዓ ሄዱ። ወደኔ አላዩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

አቶ ተክሌ ትናንት አመሻሹ ላይ «የዚህ መርከብ ጭነት እስኪያልቅ ይንዱ፣ ከዚያ እናያለን» ብሏቸዋል። ከዚያ ምን እንደሚያይ አልነገረንም። ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬን ይዤ ቤት ስገባ የማሳየው ሰው አጣሁ። ደረቅ ፎጣ ይዤ ብልቃጡን አዞርኩት። በአንድ ዙር ተከፈተ። በዳቦ በላሁ። ብርቱካን ነው። ጽጌ ስኳር ታበዛለች።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። እስክሪብቶዬን አላነሳሁም። አንገቴን ደፍቼ የማይነበብ ነገር እያነበብኩ ነበር። የአቃፊውን ድምፅ ሰማሁ፣ ከበሩ፣ ከዚያ ከአጠገቤ፣ ከዚያ አለፈኝ።

ካለፈኝ በኋላ፦ ጲ።

የለመድኩት ሁለት ነው፤ ዛሬ አንድ ነው። ቀና ስል ጀርባቸውን ነው ያየሁት። እስክሪብቶዬን ግን አነሳሁ፣ ጥግ ይዘው እስኪታጠፉ ድረስ።

የተበላሸ ጥቅል፦ የለም።