በዕብራይስጥ የዘፈንሁት መርዶ

ሐሙስ፣ 6 ፌብሩዋሪ 1997፣ ሐደራ፣ እስራኤል

የመጀመሪያ ዘፈኔ ዛሬ በራዲዮ ተለቀቀ። ጎንደር የቀረው አጎቴ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። እማዬ የልብ ሕመም ስላለባት የወንድሟ መርዶ አልተነገራትም። አባዬ "እስኪሻላት አፋችሁን ያዙ" ስላለን፣ ለቅሶዬን ዘፈን አደረግሁት። ዕብራይስጥ አትሰማም ብዬ ተማምኜ ነበር።

ጊታሩና ከበሮው ሲያበቃ እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ።

"ምን የሚል ነው ልጄ?"

"ስለ ዝናብ ነው።"

"ታዲያ ድምፅሽ ለምን እንዲያ ያለቅሳል?"

እሷ ዘፈኑ ያለበትን ካሴት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እሑድ ዕብራይስጥ ወደምትማርበት ኡልፓን ወስዳ፣ መምህሯ ቃል በቃል እንድታስረዳት ልትጠይቃት ነው።

"የልጄን ዘፈንማ ማወቅ አለብኝ" አለች።

አባዬን ባየው አንገቱን ደፋ። ካሴቱንስ እደብቀው ይሆናል። ራዲዮውን ግን ምን ላድርገው?