ከአፋፉ ሁለት መቶ ሜትር ወዲህ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ማታ

ባትሪ አሁንም። ጂፒኤሴ ሳተላይት መቁጠር ይጀምራል፣ አራት ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ሁለት ጥንድ አዲስ ባትሪ ቀየርኩ። ያው ነው። ባትሪው የሚነካውን ብረት በላጲስ ፈተግኩት። ያው። በመጨረሻ ለከድር ሰጠሁት።

ከድርን ታውቂዋለሽ ደብተሬ፤ ግማሽ ገጽሽ እሱ ነው። ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሳጥን ፍለጋ አብረን ወጥተናል። ጨዋታውን ለዚህ ከተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ (ሌላ ሰው ስለማይለው እኔው ልጻፈው)። አንዱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደብተርና እስክርቢቶ ከቶ ይደብቃል፣ የቦታውን ቁጥር ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጥፋል። ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይፈርማል፣ መልሶ ይደብቀዋል። በቃ ይኸው ነው። ሰባት ሰው ነበርን።

አሁን ስምንት ሆነናል። ብሩክ የሚባል፣ ለዩኒቨርሲቲው አዲስ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ስልኩ ከሳተላይቱ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይቀበላል አሉ። የጎሮ መንገድ ድልድይ ሥር የደበቅኩትን፣ ስድስቱ ሦስት ሳምንት የተንከራተቱበትን (እኔ ዝም ብዬ እያየሁ)፣ በአርባ ደቂቃ አገኘው። ይህን የነገረኝ ከድር ነው፤ ጂፒኤሴን እየፈታ፣ ፊቱ እያበራ። «ወላሂ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁን ሰደደ» አለኝ። ቀላል ሳጥን ነበር አልኩት።

ቀላል አልነበረም። አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀሁበት ነው።

ኅዳር 8፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ጂፒኤሴ ዕቃ ከአዲስ አበባ ይመጣለታል፤ ሳምንት ይቆያል። ከድር ትናንት ደውሎ ያለ መሣሪያ ምን ታደርጋለህ፣ ነገ እረፍ አለኝ። ለእኔ አዝኖ መስሎኝ ነበር።

እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ አጋርፋ መውጫ ሄድኩ። ሜዳው ሁሉ ኮምባይነር፣ አቧራ፣ ገለባ። እዚያ ያለውን የቆየ ሳጥናችንን ያለ ጂፒኤስም አውቀዋለሁ። ከፍቼ ፊርማዎቹን አየሁ።

በእኛ ግሩፕ ሁሉም በየራሱ መስመር ይፈርማል። በአንድ መስመር የምንፈርመው እኔና ከድር ብቻ ነን፤ «ጌ. እና ከ.»። ማንም ደንብ አላወጣውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ያየሁት፦ «ብ. እና ከ.»። በአንድ መስመር። በከድር እጅ ጽሕፈት። የብሩክንም ስም አስቀድሞ!

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ የመሬት ቀያሽ፣ ገለባ መሃል ቆሜ ምሳ ዕቃ ላይ ዓይኔ ደም ለበሰ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

መ/ቤቱ ከጎባ በላይ ለወሰን ሥራ ላከን። የራሴ ጂፒኤስ ከድር ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። የያዝኩት የመ/ቤቱን ነው። ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ሲያርፉ ብቻዬን ሽቅብ ወጣሁ። ሳጥኑን ከቤት ይዤው ነበር የመጣሁት። አስቤበት ነው፣ አልዋሽሽም።

አስታው ቁጥቋጦ መሃል፣ ከእግር መንገዱ አሥር እርምጃ ወጣ ብሎ፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ። ከሥሩ ከተትኩት፣ ሣር አለበስኩት። ዓይን ሥር ሆኖ የማይታይ። ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ሜትር ሄድ ሲሉ ገደል አለ፤ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው ከዚያ ያራቅኩት። ቁጥሩ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሳተላይት። ስሕተቱ ሦስት ሜትር። ሥራ ማለት ይህ ነው።

ማታ ቁጥሩን ለጠፍኩት። ርዕሱን «ለጎበዝ» አልኩት። ማንን ማለቴ እንደሆነ ብሩክ ያውቃል።

ኅዳር 15፣ እሁድ፣ ምሽት

አላገኙትም። አላገኙትም!

ከድር ከብሩክ ጋር ሲፈልግ ውሎ ከዚያው ነው የመጣው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ሱሪው ተቀዷል። ጉም ነበር። የብሩክ ስልክ ቀስቱን ከገደሉ ባሻገር አየሩ ላይ ይቀስራል አሉ። ዙሪያውን ሦስት ሰዓት ዳክረው ተመለሱ። ብሩክ ግሩፑ ላይ በትሕትና ጻፈ፤ ገደሉ ምልክቱን እያንጸባረቀብኝ ይሆን ብሎ። እኔም ረጅም መልስ ሰጠሁ። ድንጋይ ምልክት እንደሚመልስ፣ ስልክ ስልክ መሆኑን፣ ቅየሳ ደግሞ ሌላ ሙያ መሆኑን። ሦስት ሰው አውራ ጣት ላከልኝ። ከድር ግን ከሦስቱ አንዱ አይደለም።

ከድር ሊወጣ ሲል በቀስታ ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን ደግመህ አይተኸዋል ወይ። ነደደኝ። ሃያ ዓመት ነው የቀየስኩት አልኩት። «እሺ፣ እሺ፣ ላንተ አልልም» ብሎ ሄደ።

ጾሙ ዛሬ ገባ። ሽሮዬን እንደዚህ በደስታ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በሰው ውድቀት ጾም መያዝ። ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰ.

 መ/ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትዕግሥት፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ የመ/ቤቱን ጂፒኤስ ከፈተችና ይሄ አሁንም አዲንዳን ላይ ነው እንዴ አለች። እንደ ዋዛ። ቀይራው ሄደች።

ላስረዳሽ። የአገሩ የድሮ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። የሰው ሁሉ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው። አንድ ቦታ በሁለቱ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። እኛ ከድሮ ካርታ ጋር ለማመሳከር ባለፈው ጊዜ መሣሪያውን አዲንዳን ላይ አድርገነው ነበር፤ ሳልመልሰው ይዤው ወጣሁ። ሳጥኑን በአዲንዳን ቁጥር ለጠፍኩት። አሥራ አንድ ሳተላይት፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ፣ ሁሉም ከንቱ። ተማሪ የሚወድቅበት ስሕተት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል እኔን።

ልዩነቱን አሰላሁት። ከሁለት መቶ ሜትር በላይ፣ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ። ገደሉ ውስጥ። የብሩክ ስልክ ልክ ነበር። እኔ የሰጠሁትን ነው ያሳየው። ሁለቱም በሳጥኑ አጠገብ አልፈው ነው ገደሉ ጋ የደረሱት።

ግሩፑ ላይ ልጻፍ ብዬ ስልኬን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ጨዋታ ነው፤ ይሰለቻቸውና ይተዉታል። ብሩክ ቢስቅብኝ እችለው ነበር። አይስቅም። ጋሼ፣ ያጋጥማል ይለኛል። እሱን አልችለውም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ጂፒኤሴ ተሠራ። ከድር ጠራኝ። ሚስቱ ዘሃራ ከአሮጌ ቦርሳ ማኅደር ሰፍታለታለች፤ ጎኑ ላይ ማንጠልጠያ ሳይቀር አለው።

ከዚያ ነገረኝ። ቅዳሜ በገመድ ሊወርዱ ነው። ብሩክ ቁጥሩ ተሳስቷል ብሎት ነበር፤ ተከራከሩ። ከድር እንደዚህ አለው፦ «ጌታሁን ቁጥር አይሳሳትም። እሱ አለ ካለ አለ። ገደሉ ወገብ ላይ እርከን አይቻለሁ፣ እዚያ ነው የደበቀው»። ይህን ሲነግረኝ ጠቀሰኝ። ደህና አድርገህ ደብቀኸዋል ማለቱ ነው። ብሩክ ከፍታ ስለሚፈራ የሚወርደው ራሱ ከድር ነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ብርድ ሲሆን ይይዘዋል።

እኔን መረጠ። የብሩክን ስልክ ትቶ የእኔን ቃል። ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ነው፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ጫማዬን ሳወልቅ ነው ገደሉ የታየኝ።

ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሄድኩ። ብሩክ እኔ የምቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ቋጠሮ እየተማሩ ይስቃሉ። ብሩክ ብድግ አለ፤ «ጋሽ ጌታሁን፣ ይቀመጡ እንጂ፣ እርስዎ ቢያሳዩን ይሻላል» አለኝ። መልካም ልጅ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

በብሩክ ፊት ልናገረው አልቻልኩም። የቻርጀር ገመድ ጠይቄ ወጣሁ። ሦስት ቻርጀር አለኝ።

ቤት ገብቼ መልእክት ጻፍኩ። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ። አጠፋሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰ.

የከድር ስልክ አይሠራም። የብሩክም አይሠራም። ዘሃራ ደወልኩላት፤ በ12 ሰዓት ወጥተዋል። ከጎባ ከወጡ በኋላ ኔትወርክ የለም።

ዛሬ ጽዮን ናት። ሰው ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ሹፌሩ እስኪሞላ እንጠብቅ አለ። ሁለት ሰው ጎድሎታል። ለሁለቱም እኔ እከፍላለሁ አልኩት። ሄደ።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ደህና ነው። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ከጎባ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅ፣ ከዚያ ሩጫ። በሳጥኔ አጠገብ ሮጬ አለፍኩ። ስደርስ ከድር ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ከአፋፉ ወርዷል፤ የሚታየኝ ጭንቅላቱና ሁለት እጁ ብቻ። ብሩክ በደረቱ ተኝቶ ገመዱን ይዟል። ሌላው ጫፍ አንድ የአስታ ግንድ ላይ ታስሯል፤ ግንዱ ዘንበል ብሎ አንድ ጎን ሥሩ ከአፈር ወጥቷል። አላዩትም። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም።

ሁለታችን ጎትተን አወጣነው። «ማል ተኤ? ምን ሆነ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ ከድር። ቁጥሩ የተሳሳተ ነው፣ አዲንዳን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ብሩክ ግንባሩን መታ፤ እኔም ማሰብ ነበረብኝ አለ። ከድር ሥሩን አየ። ገደሉን አየ። ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ከዚያ መቼ አወቅክ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አልኩት።

ውሸቱ በራሱ ወጣ። ሳላስበው።

አቀፈኝ። እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም። ሳጥኑን ወስጄ አሳየኋቸው፤ ከድር እስክርቢቶውን አንስቶ «ጌ. እና ከ.» ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ ለብሩክ ሰጠው። ብሩክ በራሱ መስመር ፈረመ። ከዚያ ቤቱ ወሰደኝ። ዘሃራ ስለ ጾሜ ብላ ለብቻ ምስር በዘይት ሠራችልኝ። ጎረቤት ሲገባ ከድር ከመጀመሪያው ይተርካል፤ ይህ ሰው በዓሉን ትቶ፣ እንዳወቀ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ሮጦ ነፍሴን አዳናት ይላል። አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ይመርቁኛል። ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ምስሩን እበላለሁ።

ግሩፑ ላይ ብሩክ ስለ እኔ ጽፏል። ሌሎቹ ስድስቱም አውራ ጣት ልከዋል።

ኅዳር 22፣ እሁድ፣ ጠዋት

ሁለት ሳምንት የተመኘሁትን ሁሉ አገኘሁ። መስመሩን፣ በርጩማዋን፣ ከድርን። እንቅልፍ ግን የለኝም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ትዕግሥት እንኳ ነገሩን ረስታዋለች። ብናገር ደግሞ ከድር ሰው ነው፤ ስሕተቴን ይቅር ብሏል፣ አራት ቀን አውቄ መቀመጤን ግን እንጃ። በቀጭን ገመድ ሲንጠለጠል ያየሁት ሰው ነው። የማጣው መስሎኝ ነበር የምቀናው። ዛሬ እውነቱን ስነግረው በእውነት ላጣው እችላለሁ፣ ደግሞም ልክ ይሆናል። ብሩክ በሰላም ይውሰደው ማለት እስካሁን ከአፌ አልወጣም። አሁንም እቀናለሁ፣ ደብተሬ። አልተወኝም።

እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። ቤቱ እሄዳለሁ። ዘሃራ ቁጭ በል ትለኛለች፤ አልቀመጥም። ሰላምታውም ይቆይ። በሩ ላይ ቆሜ፣ መቼ አወቅክ ላለኝ አንዲት ቃል ነው የምመልሰው፤ «ማክሰኞ»።