ሣሩ ሐዘን ሲቀመጥ

ታዴዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አሰብኩና በራሴ ሳቅሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሶፋውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ ስጎትት እውላለሁ። ሲታክተኝ መኪናዬን አስነስቼ ሰፈሩን እዞራለሁ። ይህን የቴክሳስ ከተማ፣ አርሊንግተንን፣ ታውቀዋለህ፣ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው። ዞሬ ዞሬ መልሼ እዚያው በራችን ላይ ፓርክ አደርጋለሁ።

ልጅህ ናቲ ቤቱ ይሸጥ ብሎኛል። ግሬፕቫይን ከተማ እነሱ ቤት ክፍል አዘጋጅተውልኛል። ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የሚያቅበጠብጠኝ ቤቱ መስሎኝ ኦኬ አልኩት። ገዢም ተገኘ። ገዢዎቹ ቤቱን የሚመረምር ሰው ላኩ፤ ጉዱን ያወጣው ያ ሰው ነው።

ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ከኤርፖርት ሥራህ ገብተህ፣ ዩኒፎርምህን እንኳ ሳታወልቅ የውሃ ቱቦ ይዘህ ቤቱን ትዞር ነበር። እኔም ሚስትህን ትተህ ሣር ታጠጣለህ እያልኩ እቀልድብህ ነበር። አንተ ትስቃለህ እንጂ መች ታስረዳኛለህ! ስትሞት ተውኩት። ለቅሶ የሚደርሱት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የለመለመ ሣር ቢያዩ ቶሎ ተጽናናች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ጥቁር ለብሼ ሣሩ አረንጓዴ ይልበስ? እሱም ሐዘኑን ይቀመጥ አልኩ። ደርቆ ገለባ ሆነ።

ለካ ታጠጣ የነበረው ሣሩን ሳይሆን የቤቱን መሠረት ነው። የዚህ አገር አፈር ሲደርቅ ይኮማተርና ቤቱን ይዞት ይወርዳል። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ በሩም አልገጥም አለ። እኔ ሞኟ ቤቱም አዘነ እል ነበር። መርማሪው ግን በኩሽና በኩል ያለው ወለል ንቅንቅ አለማለቱ ግራ ገባው።

ምክንያቱን የነገረኝ ጎረቤታችን ጂም ነው፤ በገና ድፎ ዳቦ የምትወስድለት ሽማግሌ። ሣሩ ሲደርቅ አይቶ ሐዘንተኛ መረበሽ አልፈለገም። ቱቦውን በአጥሩ ሥር አሾልኮ፣ የደረሰለትን ያህል፣ በኩሽና በኩል ሲያጠጣልን ከርሟል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ሚስቴ የሞተች ጊዜ የእኔን ቤት ያጠጣልኝ እሱ ነበር» አለኝ። ታዴ፣ ይህን እንኳ አልነገርከኝም። አለቀስኩ፤ ደግሞም ተናደድኩብህ።

ገዢዎቹ ስንጥቁን እኛ እናሠራዋለን፣ ቤቱን እንወስዳለን አሉ። ናቲ ደስ አለው። እኔ እምቢ አልኩ። ግማሹን ቤት ሰው ሳይነግረኝ ሲያቆምልኝ ከርሞ፣ ሌላውን ግማሽ ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? ናቲ አኮረፈ። ልጅህ አይደል፣ ሲያኮርፍም አፉን ዘግቶ ነው። ቅዳሜ መጣና ረጅም ቱቦ በራችን ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

አልዋሽህም፣ አሁንም መቀመጥ አልሆነልኝም። ግን መዞሬ ሥራ አገኘ። አመሻሽ ላይ ጥቁሬን እንደለበስኩ ቱቦውን ይዤ ቤቱን እዞራለሁ፤ መጀመሪያ በመኝታ ቤታችን በኩል። ጂም ሰሞኑን ጉልበቱን አሞታል፣ የእሱንም አጠጣለሁ። ሣሩ ከዳር ከዳር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ለሙት ዓመትህ የሚመጣው ሰው አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል፤ ያሉትን ይበሉ።

ከእንግዲህ ሣር ታጠጣለህ ብዬ አልቀልድብህም። አፈሩ በደረቀ ቁጥር አስታውስሃለሁ። ቴክሳስን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ መድረቅ አይሰለቸውም።

ሚስትህ አልማዝ