ዘጠኝ ቁጥሩን የከዱ የአሻር ሰዎች

ባስራ፣ አሻር ሰፈር
ረመዳን 19

ለምወድህና ለምጠረጥርህ ልጄ ለሲናን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለሚስትህ ለረናና ለልጆቹም እንዲሁ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ስኳሯ ከፍ ዝቅ ቢልም ጾሙን ይዛዋለች፤ ሐኪሙ እንዳትጾም ቢለምናት አልሰማችውም። እኔም ደህና ነኝ፤ ሰው ማመን አቃተኝ እንጂ።

ይህን ደብዳቤ ከቴምሩ ካርቶን ጋር ዶሃ ድረስ የሚያደርስልህ የአጎትህ ልጅ ጋዝዋን ነው። ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እናትህ አጠገቤ መጥታ ትቆማለች፤ አንተም በስልክ ስትዋሽ ድምፅህ ይጣፍጣል። ፖስታውን በሙጫ ካሸግሁ በኋላ መዝጊያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማው ተቀዶ ካገኘኸው ጋዝዋን አንብቦታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቴምሩንም ፈትሸው።

በብሔራዊ ቡድናችን ባለፈው ጨዋታ ልጀምር። ዘጠኝ ቁጥርህን ለብሰህ ባዶ ጎል ላይ የሳትካትን ያቺን ኳስ ሁሉም አይቷታል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ሲጮህ እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። ካሜራው ወደ ፊትህ ሲጠጋ አንተ ሳቅክ። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ኳስ ስትስት መሬቱን ትረግጣለህ፣ ማሊያህን ትነክሳለህ፣ ዳኛውን ትሰድባለህ እንጂ አትስቅም። ይሄ ልጅ የደበቀው ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ አፍጥረን ሻይ ቤት ስንገናኝ ክርክሩ ጦፎ ነበር። መምህር ፋዲል እንደ ልማዱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል ጣቱን ቀስሮ ያስረዳል።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው እኮ! እኔ በእሱ ዕድሜ ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ አርፍ ነበር።»

«አንተማ በሃያ ዓመትህም ታርፍ ነበር፣ መምህር» አለው ጋዝዋን። «ሲናን ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ሁለት ተከላካይ ይዞ ነው የሚቆመው። እነዚህ አዲሶቹ ልጆች ሲሮጡ ያምራሉ፤ ጎሉ በየት በኩል እንደሆነ ግን ሰው መጠየቅ አለባቸው።»

«ቆሞ መዋልማ ወንዙ ዳር ያለው ሐውልትም ይችላል። እሱን ለምን አይመርጡትም?»

ሰው ሳቀ። እኔ ሻኪር እስኪመልስለት ጠበቅሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሻኪር፣ የመጀመሪያ ፀጉርህን የላጨህ ሻኪር፣ አንተን የሰደበ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ከነሳሙናው ያባረረ ሻኪር! ሻዩን ቀስ ብሎ አማሰለና ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ «ይብቃው» አለ። «በክብር ይውጣ። ነገ ሜዳ ሙሉ ሰው ሲሰድበው ከምሰማ ዛሬ ቢያቆም ይሻለኛል።»

ደሜ ፈላ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ አላማረኝም። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ጀነሬተሩ ይወራል። ጎረቤታችን በሰሃን ሙሉ ሐሪሳ፣ ያንን የስንዴና የሥጋ ገንፎ፣ ላከችልን፤ በዓል የለ፣ ስለት የለ። ሰው ሞቶብኝ ይሆን ብዬ እናትህን ጠየቅኋት፤ «ብላ ዝም ብለህ» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሬዲዮ ላይ የስፖርት ፕሮግራሙ ስልክ ሲቀበል «አቡ ኑር እባላለሁ፣ ከዙበይር» የሚል ሰው ገባ። «ሲናንን አሳርፉት፤ አሰልጣኙ ካልደፈረ ሕዝቡ ይንገረው» ይላል። ድምፁን አጎርንኖታል። ከጀርባው ግን መቀስ ቅጭ ቅጭ ሲል ይሰማኛል። ሻኪር ነው! ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በሐሰት ስም፣ በሬዲዮ ልጄን ያስወጣል።

ማን ገዛው? መጀመሪያ የመጣብኝ ይሄ ነው። በአንተ ቦታ ይገባል የሚባለው የአዲሱ አጥቂ አጎት ከአሻር ሚስት ማግባቱን አስታወስኩ። ሻኪር ሱቁን ቀለም መቀባቱንም አስተዋልኩ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ አልኩ። ምንም አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ሙሐይቢስ፣ የረመዳን ሌሊት የቀለበት ድበቃ ጨዋታችን፣ ደረሰ። ዘንድሮ ከጀምሁሪያ ሰፈር ሰዎች ጋር ከመግጠማችን በፊት ለልምምድ እርስ በርሳችን ተከፈልን። እነ ሻኪር ቀለበቷን በብርድ ልብስ ተሸፍነው በአንዳቸው ጭብጥ ውስጥ ደበቁና በተርታ ተቀመጡ። እኔ እንደ ወትሮው ፊት አንብቤ ቀለበቷን የማወጣው ሰው ነኝ። ይህን ሥራ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ሠርቼዋለሁ። ቀለበት የያዘ ሰው እንዴት እንደሚውጥ፣ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ፣ ባዶ እጁን ደግሞ እንዴት እንደሚያጠብቅ አውቃለሁ። ፊታቸው ቆምኩ። ሲናን፣ ሁሉም ቀለበት የያዙ ይመስላሉ! መምህር ፋዲል ጫማውን ያያል፣ ከጎኑ ያለው ምራቁን ይውጣል፣ ሻኪርማ ላብ በላብ ሆኗል። ከሁሉ የባሰው እሱ ነበርና «አንተ፣ ግራ እጅህን ክፈት» አልኩት።

ባዶ ነበር። ቀለበቷ ጥግ ላይ ተቀምጦ በሚያንቀላፋው በዳቦ ጋጋሪው እጅ ተገኘች። ሰው ሁሉ አቡ ሲናን አረጀ ብሎ በአንተ ስም እየጠራ ሳቀብኝ። ሻኪር ግን አልሳቀም። ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ታዲያ ምን ይዘህ ነው እንዲህ የሚያልብህ?» አልኩት።

«ነገ ሱቅ ና» አለኝ።

ሄድኩ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፣ ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረ፣ ሳሙናውን ቀባኝ። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ነው መናገር የጀመረው፤ እንዳልጮህ አስቦበታል።

«ልጅህ ደውሎልኝ ነበር።»

«የኔ ልጅ? ለአንተ?»

«አትንቀሳቀስ። ጉልበቱ አልቋል። አጥንት ከአጥንት ይፋጫል አሉ። ከዚህ በኋላ ከተጫወተ በዱላ ነው የሚሄደው፤ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል።»

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ‹አባቴ በእኔ ነው የሚኖረው፤ እንዴት ብዬ ልንገረው› አለኝ። ‹አጎቴ ሻኪር፣ ሰፈሩ ይብቃው ይበል፤ ከሰው አፍ ደጋግሞ ሲሰማው ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ከዚያ ራሱ አቁም ይለኛል› አለ።»

«እና እናንተ ልጄን ስትሰድቡ የከረማችሁት…»

«እሱ አዞን ነው። መምህር ፋዲል ግን ትንሽ ከልቡም ነው።»

ልጄ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ ተናደድኩ። ከመናደዴ ይልቅ ግን ቀናሁ። ያንን ለፀጉር አስተካካይ ነገርከው፣ እኔን ግን እንደ በሽተኛ በጠብታ ልታጠጣኝ አሰብክ። ቤት ስገባ እናትህ ፊቴን አየችና ምንም ሳልጠይቃት «እኔ ንገረው ብዬው ነበር» አለች። እሷም! ከዚህ ቤት ውስጥ ያልጠረጠርኩት እሷን ብቻ ነበር።

ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በመሐል የደወልክ ጊዜ ሁሉ «አንድ ውድድር ብቻ፣ ልጄ፣ አንድ ብቻ» ስልህ አንተ «እሺ አባዬ» ትለኝ ነበር። ያን «እሺ» እንዴት አላነበብኩትም? የሰው ሁሉ ፊት አነባለሁ ብዬ የምኮራ ሰውዬ፣ የገዛ ልጄ ስቃይ ሲያልፍብኝ አላወቅሁም። በዚያ ጉልበት ነው እንግዲህ ያቺን ኳስ የሮጥክላት።

አሁን በደንብ ስማኝ። ጋዜጠኞቹ ለምን አቆምክ ሲሉህ ጉልበቴ አትበል፤ ኳስ ስለሳተ ሰበብ ፈጠረ ይሉሃል። ዕድሜዬ ገፋም አትበል፤ መምህር ፋዲል ዓመት ሙሉ ይኮራብኛል። ሰው ተቃወመኝ አትበል፤ ሻኪር ሱቁን መዝጋቱ ነው። «አባቴ ከለከለኝ» በላቸው። አለቀ። በዚህ አገር አባቱ የከለከለውን ሰው ማንም ለምን አይለውም። የሚናደድ በእኔ ይናደድ። ጋዝዋን ቢያኮርፈኝ፣ በመንገድ የማያውቀኝ ሰው ቢረግመኝ፣ ሬዲዮ ላይ ስሜን እያነሱ ቢሳደቡ ግድ የለኝም፤ እኔ ጎል እንዳገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ዛሬ አፍጥረን እንደወጣን ሻይ ቤት ገብቼ «ልጄን አስቆምኩት» እላቸዋለሁ። ሻኪርንም አስምዬዋለሁ፤ የነገረኝን ለማንም አይተነፍስም። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፣ ግን ሌላ ሻኪር የለኝም።

ለትልቁ ውድድር ብዬ ፓስፖርቴን አሳድሼ ነበር። ግድ የለም፣ አይባክንም፤ አንተ ጋ እመጣበታለሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ አንተም እግርህን ትራስ ላይ ትሰቅላለህ።

ማቆምህን የምትናገር ቀን ቀድመህ ለእናትህ ንገራት፤ እሷ በቴሌቪዥን ታይሃለች። እኔ አላይም። ፊትህን ካየሁ አነበዋለሁ፤ ምናልባት ደስ ብሎህ ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም፤ አንዱንም ማወቅ አልፈልግም። ሻኪር እንዴት እንደነበርክ ይነግረኛል፤ ሲዋሸኝም ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።

አላህ እግርህን ለልጆችህ ያቆይልህ። ስትነሳም ስትቀመጥም አያሳምምህ። ሜዳ ላይ ያጨበጨበልህን ሰው ሁሉ ያስብልህ፣ የሰደበህንም ይማርልህ፤ እኔ ግን ለጊዜው አልማርኩትም።

አባትህ፣
አሁንም አቡ ሲናን