አራተኛው መስመር ስለ ውሻ ነበር

ውድ ጋሼ ቀለመወርቅ፣

ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና፣ በመላው ፌርፋክስ ላይ እኔን የሚያክል አንባቢና ጸሐፊ የለም። እሺ፣ መላው ፌርፋክስ ይቅር፤ በማታ ትምህርት ክፍላችን ግን አንደኛ ነኝ። ስድስት ነን። አንዱ ሥራ ቀይሮ ቀርቷል፣ አንዷ አራስ ናት። ቢሆንም ከአራት አንደኛ መውጣት ቀላል አይምሰልዎ። ይህን ደብዳቤ ሳልነሣ ጻፍኩት ልል ነበር፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። «ውድ» የምትለዋ ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት በልታብኛለች።

ሸረፈዲን ነኝ። መኪና አጣቢው፣ ሱቅዎ ደጃፍ ላይ ሳጥን ገልብጬ ተቀምጬ ያለፈ ያገደመውን ሳስቅ የምውለው የወሎ ሰው። ስሜን የምጽፍልዎ የእጅ ጽሕፈቴን ስለማያውቁት ነው። አንድም ቀን ስጽፍ አይተውኝ አያውቁም። ለምን እንዳላዩኝ ልነግርዎ ነው የተነሣሁት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎ። መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። አዜብ «አባዬ ላንብብልህ» ብትልም አይስጧት። ልጅዎ ክፉ ሆና አይደለም። ግን ሰው ያነበበልዎ ነገር ምን እንዳመጣብዎ ወደ ታች ሲወርዱ ያዩታል።

ያችን ቅዳሜ ላስታውስዎ። ኧረ ምን ነካኝ፣ አስታዋሹስ እርስዎ ነዎት!

የኦሎምፒክ ውድድሩ ባለፈ በዓመቱ ነው። ሱቅዎ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘረፈ። ሰውዬው ቢላዋ አንገትዎ ላይ አድርጎ የሳንቲሙን መሳቢያ ሳይቀር ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ሽጉጥ ገዙ። ሻጩ ሳይለማመዱ እንዳይዙት ስለመከረዎ ወደ ተኩስ መለማመጃ የሚሸኝዎ ሰው ፈለጉና እኔን መረጡ። ሳጥኔ ላይ ሆኜ «ወሎ ሳለሁ ቆቅ ከነበረራዋ እጥል ነበር» ብዬ ስለፎከርኩ ነው። ወላሂ ጋሼ፣ የጣልኩት በወንጭፍ ነው፤ እሷም ቆማ ነበር።

በዚያች በአሮጌ መኪናዎ የዌስት አዳምስን ሰፈር አቋርጠን ስንሄድ ራስዎ ነበሩ የሚነዱት። መንገድ ላይ ጎረቤታችን ዘሐራ ካርቱም ያለው የወንድሟ ስልክ ቁጥር ጠፍቶባት እንደነበር አነሣሁልዎ። መሪዎን ሳይለቁ ቁጥሩን ከነአገር መለያው ዘረዘሩት። ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አይረሳም። የፌርፋክስ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያስቀምጠው በእርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቀን ቢያስነጥሱ ስንቱ ሰው ዘመዱን ያጣል!» አልኩዎት፤ ሳቁ።

መለማመጃው ዘንድ የተቀበለን ዋልተር የሚባል ሽበታም ሰው ነበር፤ ቀይ ሰደርያ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። «የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ነው?» አለን።

«የእሳቸው ነው፤ የእኔ አይደለም» አልኩ።

አንድ ወረቀት ሰጠን። «ሕጉ ይህ ነው። አንብባችሁ ሳይን አድርጉ። ከፈለጋችሁ አንድ በአንድ አብሬያችሁ አየዋለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።»

«ኖ ፕሮብለም፣ እናነባለን» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ ጋሼ።

እርስዎ ኪስዎን ዳበሱ። መነጽሩ ሱቅ፣ ሚዛኑ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱን ወደ እኔ አሻግረው «በል አንተ አንብብልኝ» አሉኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ፣ እኔ ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። እንግሊዝኛውን አይደለም፤ ምንም። አማርኛውንም። አፌ እንግሊዝኛ ይናገራል እንጂ ዓይኔ ዕውር ነበር። የማውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ የባስ ቁጥር፣ የብር ቁጥር። «ስልክ ጻፍልኝ» ሲሉኝ እጄ ሳሙና ነው እል ነበር። ጋዜጣ ሲሰጡኝ ዓይኔን አሞኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀልድ ሸፍኜው ኖሬያለሁ፤ የሚስቅ ሰው አይጠይቅም።

ወረቀቱ ላይ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር አየሁ። ሶ፣ ሰባት ሕግ ከራሴ አወጣሁ። አንደኛ፣ ትንባሆ ማጨስ ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ሦስተኛ፣ ጆሮ ይሸፈን። አራተኛው ላይ ስደርስ ሐሳብ አለቀብኝና «ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አልኩ።

«ውሻ ምን ሊሠራ ይመጣል እዚህ?» አሉኝ።

«ለጓደኝነት ነው ጋሼ። አሜሪካኖች ያለ ውሻ የት ይሄዳሉ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዋልተርም እኛ ስንስቅ አይቶ ሳቀ፤ ወረቀቱን የወደድነው መስሎት ይሆናል። ከዚያ ፈረሙ፤ በዚያ በሚያምረው የመዝገብ ቤት ፊርማዎ።

የቀረውን ያውቁታል፤ ግን በደንብ አያውቁትም። ስድስት ጥይት ነበር። አራቱን ተኮሱ፤ ሁለቱ ዒላማውን አገኙት። የእኔን ዓይን ሲቁለጨለጭ አይተው ይሆናል፣ «የቀሩትን አንተ ተኩስ፤ ቆቅ አስመስላት» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በእኛ አገር ሰው ለሰው ዕቃ ሲሰጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «አንሣ» አይልም፤ ያ ለተጣሉት ሰው ነው። እርስዎ ለእኔ ለታናሽዎ ሳይቀር በቀኝዎ ዘረጉልኝ፣ ክንድዎን በግራዎ ደግፈው። እኔም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጣትዎ ከምላጩ ገና አልወጣችም። ዋልተር ሲጮህ ጆሯችን ተሸፍኗል። እኔ ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት።

የሳብኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ጥይቱ ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ የዋልተር ጉልበት ውስጥ ገባ። ሰውዬው ወድቆም እንኳ አልተሳደበም። «ጠረጴዛው ላይ! ወረቀቱ ላይ አለ፣ አራተኛው!» እያለ ይጮህ ነበር።

አምቡላንሱ ከወሰደው በኋላ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። ፖሊሱ አጠገባችን ቆሞ ይጽፋል። እርስዎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሸረፈዲን፣ አራተኛው እኮ ስለ ውሻ ነበር።»

«ምን ውሻ?» አልኩ።

«ያነበብክልኝ ነዋ።»

«ኧረ ጋሼ! አራተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ ነው የሚለው። አንብቤልዎታለሁ።»

«ሳቅን እኮ፣ በሥላሴ!»

«ደንግጠው ነው። ረስተውት ነው።»

ፊቴን አዩ፣ ከዚያ እጅዎን አዩ። አንድ ጊዜ ነው የጠየቁኝ፤ በዚያ ግርግር አፌ ቀድሞኝ መለሰ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ፖሊሱን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው፦ ማንበብ አልችልም ከምል ሽማግሌ ረስቷል ማለት ቀለለኝ።

ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ጽፎ ለቀቀን። እርስዎ ግን ራስዎን አልለቀቁም። ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል ሄደው ዋልተርን «ተነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት፤ ይቅር በለኝ» አሉት። አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ እንጂ መናገር ስለሚከብድዎ የተረጎምኩልዎም እኔ ነበርኩ። ሽጉጡን መለሱ። ቀጥሎ መኪና መንዳት አቆሙ፤ «እዚያው የተነበበልኝን የምረሳ ሰው ቀይ መብራትስ ባልፍ?» ብለው። ከዚያ ዘሐራ የወንድሟን ቁጥር ደግማ ልትጠይቅዎ መጣች። አፍዎን ከፈቱ፣ ዘጉት። «ደብተር ላይ ፈልጊው» አሏት። ደብተር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሳጥኔ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ማንንም አላሳቅሁም።

ሱቁን ለዘሪሁን አስረከቡ። ዘንድሮ በመጋቢት አዜብ ፓሳዴና ወሰደችዎ። እኔ የማታ ትምህርት የጀመርኩት ከዚያ በፊት ባለው መስከረም ነው። ፋናዬ የምትባል የድሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት የምታስተምረን፤ ሁለት ቀን ፊደሉን፣ ሁለት ቀን ኤ ቢ ሲዲውን። ለምን መጣህ ስትለኝ «ሴቶች ደብዳቤ ይጽፉልኛል፣ መልስ እየጠበቁ ተሰቃዩ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ከሁለት ሳምንት በፊት አዜብ ወደ ዘሪሁን ሱቅ መጥታ አገኘኋት። «ጋሼ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ደህና አይደለም። መሳቢያውን ሁሉ ስም ጽፎ ለጥፎበታል። ማንኪያ፣ ጨው፣ ክብሪት። ደግሞ ስለ አንድ ውሻ ያወራል።»

ባልዲዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«ለዶክተሩ ሁሉ ‹አራተኛው ውሻ ነበር› ይለዋል። ዶክተሩ ያልነበረ ነገር ይታየዋል ብሎ ጻፈ። እኔ ቀን ቀን ሥራ ነኝ፣ ብቻውን ልተወው አልችልም። የአረጋውያን ቤት አግኝቻለሁ፤ ሰኞ ሁለት ሳምንት ይፈርማል። ራሱ ነው ‹አስገቢኝ› ያለኝ። ሸረፈዲን፣ አንተ ታስቀው የለ? እስኪ መጥተህ አጫውተው።»

በማግስቱ በሁለት ባስ መለማመጃው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ቢያውቁ ይስቁብኛል። ምናልባት ወረቀቱ ላይ እውነትም ውሻ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ነው። ምናልባት ዋሽቼም ልክ ሆኜ እንደሆነ።

ዋልተር የገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጧል፤ ምርኩዙ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱን ጠየቅሁት። አውቆኛል፤ አውጥቶ ሰጠኝ። ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ወደ ኋላ በል።» የትም የትም ብፈልግ ውሻ የለም።

ያነበብኩበትን ዝግታ አይቶ ገባው። «ያን ቀን ማንበብ አትችልም ነበር» አለኝ።

«አልችልም ነበር።»

«አምስት ደቂቃ ነበር እኮ» አለ። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ሽማግሌውስ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ይህ ደብዳቤ ነው መልሱ።

ጋሼ፣ አልረሱም። ያችን ቀን ከነሳቁ፣ ከነውሻው፣ ልክ እንደሆነው የያዙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያልነበረ ነገር አልታየዎትም፤ ያልነበረ ነገር ያነበብኩልዎ እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ አብሬ አድርጌዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ ለእርስዎ ምንም አይደለም። ለአዜብ ያሳዩአት፣ ለዶክተሩም ያሳዩት። የፊታችን ሰኞ ቤቱን ከወደዱት ይፈርሙ፤ ራሴን አላምነውም ብለው ግን አይፈርሙ። የዘሐራ ወንድም ቁጥር አሁንም አለ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት።

ፖስታ ቤት ለሰኞ አይደርስልኝም። ነገ በባስ ይዤው እመጣለሁ። በእጅዎ አልሰጥዎትም፤ እንደ አራተኛው መስመር በራፍዎ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። ቢጠሩኝ እመጣለሁ፤ ባይጠሩኝም እውነት አለዎት።

አሁን ልፈርም ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከላይ ከጻፍኩት አንዷ ፈጠራ ናት። ገጹን ቀድጄ ላስተካክላት ነበር፤ ግን እኔም እንደነበርኩ ልነበብ ብዬ ተውኳት። አንድ ጊዜ ነው የጠየቁኝ ብያለሁ። ሦስት ጊዜ ነው። አንዱ አግዳሚው ላይ፣ አንዱ ከሆስፒታል ስንመለስ መኪናዎ ውስጥ። ሦስተኛው ፓሳዴና የሄዱ ቀን ነው፤ እኔ ካርቶንዎን ተሸክሜ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «መጻሕፍት» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ራሴ አንብቤ፣ ደስ ብሎኝ ደረጃውን ስወርድ ክንዴን ያዙኝ። «ሸረፈዲን፣ እንዲያው ለነፍስህ፣ ውሻ አላልክም?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁና «ጋሼ፣ ይህንንማ ጠይቀውኝ ነበር፤ እሱንም ረሱት?» አልኩዎት።

በገዛ እጁ የጻፈው፣
ሸረፈዲን