ሰባተኛው ታካሚ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እህት ዓለም? ዓይንሽ እንዴት ሆነ? ግራው አሁንም ያለቅሳል ወይስ ተወሽ? ዝምተኛው አማቼስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጥርሴ ካለፈው ደብዳቤ ወዲህ በሁለት ቀንሷል እንጂ መላጊያ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። ስልክ ለምን አልደወልክም አትበይኝ፤ ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይዘጋል። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ጉንዳን ናት፤ አድጋም በዚሁ ስሟ ነው የምጠራት። የምታነብልሽ ጡረተኛዋ አስተማሪ ደግሞ ቀስ ትበል፤ ባለፈው ግማሹን ዋጠችው ብለሻል።

ዓይን ክሊኒክ ሄደሽ፣ ተራሽ ሳታውቂው አልፎ፣ ማታ ሳትታዪ ተመልሰሽ «ሁለተኛ አልሄድም» ማለትሽን ሰምቼ አዝኛለሁ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ልጅህ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች፣ ሶፍትዌር የሚሉትስ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። እኔ ልንገርሽ፤ እሷ ስታስረዳ ይወሳሰባል። ኮምፒውተር ማለት ጉልበት ያለው፣ የራሱ ሐሳብ የሌለው ሠራተኛ ነው። የሚሠራውን አንድ በአንድ ጽፈሽ ትሰጪዋለሽ፤ ያ ትእዛዝ ኮድ ይባላል። ሰው ከመጣ ወረቀት ስጥ፣ ካልመጣ ጠብቅ ትዪዋለሽ። እንጨቱ እስኪቆረጥ መጋዙ እንደሚመላለስ ሁሉ፣ ሰዉ እስኪያልቅ ይህንኑ ደጋግም ትዪዋለሽ፤ እሱን ሉፕ ይሉታል። ሳያማርር ያደርገዋል። ተሳስተሽ ከጻፍሽለትም ስህተቱን ሳያማርር ያደርገዋል፤ ያ ነው ባግ የሚባለው። ቴስት ደግሞ እኔ ወንበር ሠርቼ ከመሸጤ በፊት ራሴ ተቀምጬ እንደማወዛውዘው ነው። ጉንዳን እዚህ ላይ እየሳቀች «አባዬ፣ ይህ ብቻ እኮ አይደለም» ትላለች። ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የታካሚ ተራ የሚያስይዝ ሶፍትዌር እንዲሠራለት የጉንዳንን መሥሪያ ቤት አዘዘ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን በኃላፊነት ያዘች። ሊያስረክቡ ቀን ሲቆርጡ፣ አሥራ ሁለት ሰው እንደ ታካሚ ተቀምጦ ይሞከር ተባለና እኔም ተጠራሁ። ኮቴን ተኩሼ፣ ጋዜጣ ይዤ ሄድኩ።

የጋዜጣውን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አስተማሪዋም ትስማው። የልጄ ባልደረቦች እቤት ሲመጡ ገልጬ እይዛለሁ። ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ እመርጣለሁ፤ የሰውዬው ራስ ወደ ላይ ከሆነ ጋዜጣው አልተዘቀዘቀም ማለት ነው። የመሐንዲስ አባት ፊደል አያውቅም እንዲባል አልፈልግም ነበር። የራሴን ስም ብቻ ጉንዳን በልጅነቷ ጣውላ ላይ በእርሳስ እየጻፈች አስለምዳኛለች፤ መልኩን አይቼ አውቀዋለሁ።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ትንሽ ወረቀት ሰጠችኝ። ለካ ለሙከራ የሚጠቀሙት የፈጠራ ስም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ አይደለም። ምን ይላል ብዬ ማንን ልጠይቅ፣ ጋዜጣ ይዤ? ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ስም እያወጣ ሰዉን ወደ ሐኪሙ ክፍል ያስገባል። ሌላው ይነሳል፣ ይገባል፣ ወጥቶም ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ እንደ ጉቶ ተተክያለሁ። ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ነበር አሉ፤ በመጨረሻ ሰባተኛው ታካሚ የለም ብሎ ሰረዘኝ።

ጉንዳን በጎን ካለው ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ስለነበረች ሰባተኛው ማን እንደሆነ አታውቅም። ወረቀት የወሰደ ሰው ሲጠፋባት ባግ ነው ብላ ኮዷን መስመር በመስመር ትፈትሽ ጀመር። በተከፈተው በር አያታለሁ፤ ግንባሯን አልቦታል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሴትዮ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። የጉንዳን አለቃ ደግሞ ስህተቱ ዛሬ ካልተገኘ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ሲነግራት ሰማሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ የሌለ ስህተት ፈለጉ፤ ያለበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ።

ጋዜጣውን አጥፌ ተነሳሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሰባተኛው እኔ ነኝ። ኮዷን ተዉት፤ ምንም አልሆነም። እኔ ማንበብ አልችልም» አልኳቸው።

ከኋላዬ አንዲት እናት እሷም እንደማትችል፣ አጠገቧ ያለችው ቆንጥጣ እንዳስነሳቻት ተናገረች። ዘበኛውም እጁን አወጣ። ኃላፊዋ ከሚመጣባት ሰው ብዙው እንደኛ መሆኑን ስትናገር የጉንዳን አለቃ ራሱን ያዘ። ኮዱ ልክ ነው፣ ያልጠየቅነው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ነው አለ። ተጠቃሚ ማለት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማለት ነው። የተቀማጩን ቁመት ሳይለኩ ወንበር መሥራት እኔ ዘንድ የለም ብዬ ነገርኩት። ሳቀ። ጉንዳን አልሳቀችም፤ መጥታ አንገቴን አቀፈች።

«አባዬ፣ በሰው ፊት?» አለችኝ።

«በሰው ፊት» አልኳት።

አሥር ቀን ተጨመረላቸው፤ ሥራውም በእጇ ቀረ። የፊተኛውን ኮድ አልጣሉትም፤ ቅጂውን አስቀምጠው፣ በላዩ ጨምረው ሁለተኛ ቨርዥን፣ የተሻሻለውን ማለት ነው፣ አወጡ። አሁን ወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ፤ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ መዶሻ። መዶሻው በኔ ትእዛዝ የገባ ነው። ስክሪኑ ሥዕሉን ያሳያል፣ በድምፅም ይጠራል። ድምፁን ማን ይስጥ ሲባል ኃላፊዋ «በር ላይ ቆሞ የተናገረው ሽማግሌ» አለች። ጠባብ ክፍል አስገብተው ድምፄን እየቀዱ ሥዕሎቹን ሁሉ አስጠሩኝ። ለስለስ አድርገው ቢሉኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ባለ ጃንጥላ፣ ተራዎ ነው፣ ይነሱ» እያልኩ ሰዉን ሳስነሳ እውላለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደው ታካሚ ቀርቷል።

ዝምተኛውን አማቼን፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን ይናገር፣ ሳሉን ብቻ አንስማ በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ መንታዎቹንም ሳሚልኝ። አስተማሪዋን ስለ ዓይኗና ስለ ትዕግሥቷ አመሰግናለሁ። ጉንዳንም እጅ ትነሳለች።

አሁን ዋናው። ያ ተራሽን ያሳለፈብሽ ዓይን ክሊኒክ ይህንኑ ሶፍትዌር ከሰኞ ጀምሮ ይጠቀማል። ሂጂ። ወረቀቱን ተቀበይ፣ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ጠይቂ፣ ማፈር የለም፤ ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ተቀመጪ። ወንድምሽ ይጠራሻል። ስልክ ላይ እንደምታደርጊው እንዳታለቅሺ፣ ዓይንሽን ሊያዩልሽ ነው። ተነሺና ግቢ።

ወንድምሽ፣ አናጢው
ከልጄ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ